ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆንስ? የአል-ቢሩኒ የድንጋይ ምርመራና የሕንድ ኮከብ ቆጠራ

በሕንድ የጌጥ ገበያዎች፣ ይልቁንም የድንጋይ ጠራቢዎች መናኸሪያ በሆነችው በጃይፑር ከተማ፣ «ለኮከቤ የሚስማማ ድንጋይ» ሊገዛ የሚመጣ ሰው ጥያቄው ብዙ ነው። ድንጋዩ ከምድር የወጣ ነው ወይስ በፋብሪካ የተሠራ? በእሳት ተግሎ ቀለሙ ተለውጧል? ስንጥቁ በብርጭቆ ወይም በዘይት ተሞልቷል? ክብደቱ ኮከብ ቆጣሪው ካዘዘው ልክ ይደርሳል? የቤተ ሙከራ ማረጋገጫ ወረቀትስ አለው? ገዢው ይህን ሁሉ መጠየቁ አያስነቅፈውም፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ማጭበርበር የተለመደ ነውና። ነገር ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንድ የጎደለ አለ፦ ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምን ያደርጋል?

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን የጎደለ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የሕንድ ሂንዱዎች ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። ድንጋይ ሲሳይ ያመጣል፣ ዓይነ ጥላን ይገፋል የሚለው እምነት በሙስሊሞችም መካከል ኖሯል፤ በመጻሕፍቶቻችንም ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። ስለዚህ ነገር የተጠየቀ ኢማም ወይም መምህር ብዙ ጊዜ ወደ አፉ የሚመጣለት መልስ «ተታለሃል፤ ድንጋዩ ሐሰተኛ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ቀላልና የሚያረካ ይመስላል። ሆኖም ሳይታወቅ ትልቅ ነገር ይለቃል፤ ሐሰተኛው አይሠራም ያለ ሰው፣ እውነተኛው ይሠራል ብሎ እንደ መሰከረ ይቆጠራልና።

የምንሟገትለት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የድንጋዩ እውነተኝነትና ስለ ድንጋዩ የሚነገረው እውነተኝነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን የለየ መርማሪ በእስልምና የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ተነሥቷል። ሁለቱን ያደባለቀም ከእርሱ በኋላ መጥቷል። የሁለቱን መጻሕፍት ማነጻጸር ለዛሬው መምህር ጥቅም አለው።

ዘጠኙ ድንጋዮች

አንድን አስተሳሰብ ከመተቸት በፊት ባለቤቶቹ እንደሚናገሩት አድርጎ ማቅረብ የአማና ግዴታ ነው። አል-ቢሩኒም ስለ ሕንድ በጻፈው መጽሐፍ የተከተለው መንገድ ይኸው ነበር።

በሕንድ ኮከብ ቆጠራ ዘንድ የሰውን ዕድል የሚመሩ ዘጠኝ «ግራሃዎች» አሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የከበረ ድንጋይ ተመድቧል፤ ዘጠኙም በአንድነት «ናቫራትና» ይባላሉ። ለፀሐይ ቀይ ያቁት ወይም ሩቢ፣ ለጨረቃ ሉል፣ ለመሪኅ ቀይ መርጃን፣ ለዑጣሪድ መረግድ፣ ለሙሽተሪ ቢጫ ያቁት፣ ለዙህራ አልማዝ፣ ለዙሐል ሰማያዊ ያቁት ወይም ሰንፔር፣ ለራሁ ጎሜድ የተባለው ብርቱካንማ ድንጋይ፣ ለኬቱ ደግሞ የድመት ዓይን የሚባለው ድንጋይ ይሰጣል። ኮከብ ቆጣሪው የሰውየውን የልደት ሰዓት አስልቶ የደከመውን ግራሃ ይለያል፤ የዚያንም ድንጋይ ያዝዛል። ድንጋዩ በቀለበት ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ክፍት ሆኖ ቆዳን እንዲነካ ይደረጋል። የሚደረግበት ጣትና ቀን ተወስኗል። ከመደረጉ በፊትም ለዚያ ግራሃ የሚቀርብ ማንትራ ይነበብበታል። ይህን የመጨረሻ ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ሥርዓት ዛሬ «ቬዳዊ» የሚል ስም ይዟል። ስሙ ጥንታዊነትን ያላብሰዋል እንጂ ታሪኩን አይገልጽም። በአሥራ ሁለቱ ቡርጆች ላይ የተመሠረተው የልደት ኮከብ ቆጠራ ከግሪኮች ወደ ሕንድ የገባው በሚላዲያ የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቫራሃሚሂራ «ብሪሃት ሳምሂታ» በተባለው ሥራው ስለ አልማዝ፣ ስለ ሉል፣ ስለ ቀይ ያቁትና ስለ መረግድ በሰፊው ጽፏል። የእርሱ ትኩረት ግን ነውር የሌለበት ድንጋይ ለንጉሥ መልካም ዕድልን፣ ነውረኛው ደግሞ መከራን ያመለክታል በሚለው ላይ ነው። ዛሬ ገበያው የሚሠራበት የግራሃና የድንጋይ ዝርዝር የሚገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በተጻፈው «ጃታካ ፓሪጃታ» በመሳሰሉት ኋለኞቹ ድርሰቶች ውስጥ ነው።

ሥርዓቱን በራሱ ሚዛን ብንመዝነው እንኳ ሦስት እንቅፋቶች ይገጥሙናል። አንደኛው የድንጋዮቹ ማንነት ነው። ለፀሐይ፣ ለሙሽተሪና ለዙሐል የተመደቡት ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ያቁት በማዕድንነታቸው አንድ ናቸው፤ ሦስቱም ኮረንደም የተባለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ናቸው። ቀዩን ቀይ ያደረገው ጥቂት ክሮሚየም፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ ያደረገው ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ነው። በዚህ ሥርዓት ግን ፀሐይና ዙሐል ጠላቶች ስለሆኑ ድንጋዮቻቸው በአንድ እጅ ላይ እንዳይደረጉ ይከለከላል።

ሁለተኛው የ«ምትክ ድንጋይ» ነገር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ ቀይ ያቁትን በእሳት ነበልባል የሚሠራበትን ዘዴ ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በንጥረ ነገሩ ከተፈጥሮው የማይለይ ያቁት በፋብሪካ ይመረታል። ኮከብ ቆጣሪዎች ይህኛው አይሠራም ይላሉ። እንግዲያው ኀይሉ በንጥረ ነገሩ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ሰማያዊ ያቁት ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ሐምራዊ አሜቲስት ይተካለታል፤ አሜቲስት ደግሞ በንጥረ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ የሆነው ተከልክሎ ሌላ የሆነው ከተፈቀደ፣ የቀረው ምክንያት የቀለም መመሳሰልና የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ራሁና ኬቱ ናቸው። ሁለቱ በሰማይ ላይ የሚታዩ አካላት አይደሉም፤ የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥባቸው ነጥቦች ናቸው። የእኛ የፈለክ ሊቃውንትም «ራስ» እና «ዘነብ» እያሉ ያሰሏቸው ነበር። በሕንድ አፈ ታሪክ ግን ራሁ ፀሐይንና ጨረቃን እየዋጠ ግርዶሽ የሚያመጣ ጭራቅ ነው። ጎሜድ የሚደረገው ለዚህ ነጥብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

የአል-ቢሩኒ መንገድ

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ (973 እ.ኤ.አ.) በኸዋሪዝም ተወለደ፤ በገዝና እያለም በ440 ሂጅራ (1048 እ.ኤ.አ.) ገደማ ዐረፈ። በ1030 እ.ኤ.አ. አካባቢ «ተሕቂቅ ማ ሊል-ሂንድ» የተባለውን ስለ ሕንድ ሃይማኖትና ዕውቀት የሚናገር መጽሐፉን ጨረሰ። ሳንስክሪት ተምሮ ነበር፤ ከቫራሃሚሂራ የኮከብ ቆጠራ ሥራዎች አንዱን ወደ ዐረብኛ መልሷል። በዕድሜው ማብቂያ ደግሞ ለሱልጣን መውዱድ «ኪታቡል-ጀማሂር ፊ መዕሪፈቲል-ጀዋሂር» የተባለውን የከበሩ ድንጋዮች መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ ስለ ሕንድ ኮከብ ቆጠራም ሆነ ስለ ድንጋይ ሲናገር በሩቅ የሰማውን የሚደግም ሰው አልነበረም።

በ«ጀማሂር» ውስጥ እውነተኛውን ድንጋይ ከሐሰተኛው የመለየት ጥበብ በሰፊው ይገኛል። አል-ቢሩኒ አፈ ጠባብና ጎነ ቀዳዳ በሆነ ዕቃ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ድንጋዩን ይጨምርና የፈሰሰውን ውኃ ይመዝናል። በዚህም የእያንዳንዱን ድንጋይ ክብደት ከመጠኑ ጋር ያነጻጽራል። መለኪያ አድርጎ የያዘው ሰማያዊውን ያቁት ነው። በዚህ ዘዴና በጥንካሬ ልዩነት፣ በበደኽሻን የሚወጣውን «ለዕል» የተባለ ቀይ ድንጋይ ከእውነተኛው ቀይ ያቁት ለየው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ያለው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የተባለው ዝነኛ ድንጋይ ለዘመናት ሩቢ ሲባል ኖሮ ለዕል፣ ማለትም ስፒኔል፣ ሆኖ ተገኝቷል። ያቁትን በእሳት አግሎ የጠቆረ ጥላውን ማስወገድም በዘመኑ የታወቀ ሥራ ነበር፤ አል-ቢሩኒ ጽፎታል። ዛሬ «በእሳት ያልነካ» ድንጋይ ካልሆነ የሚሉ ኮከብ ቆጣሪዎች ነገሩ አዲስ ማጭበርበር ይመስላቸዋል፤ እሳቱ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት የበለጠ ዕድሜ አለው።

የመጽሐፉ ዋና ብልጫ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። አል-ቢሩኒ ድንጋዩ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሥራው እንዳለቀ አይቆጥርም። ስለ ድንጋዩ የሚነገረውን ደግሞ ለብቻው ይመረምራል።

ዝናብ ያመጣል ስለሚባለው የቱርኮች ድንጋይ የጻፈው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ያለ ጥያቄ የሚቀበለው መስሎት ድንጋዩን አመጣለት። አል-ቢሩኒ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ዝናብ በማይጠበቅበት ወቅት ወይም እኔ በመረጥኩት ጊዜ አዝንብልኝ፤ ያን ጊዜ ከጠየቅኸው በላይ እከፍልሃለሁ። ሰውየው ድንጋዩን ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ እያጉተመተመና እየጮኸ ውኃውን ወደ ሰማይ ረጨ። የወረደው ጠብታ እርሱ የረጨው ብቻ ነበር። ልብ እንበል፤ አል-ቢሩኒ «ድንጋይህ ሐሰተኛ ነው» አላለም። ስለ ድንጋዩ ማንነት አልተከራከረም። የተከራከረው ስለ ተባለው ነገር ነው፤ መመዘኛውንም ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ወሰነ።

ሁለት ምስክሮች በአንድ እባብ ላይ

መረግድን ያየ እባብ ዓይኑ ይጠፋል የሚለው አባባል በጥንቱ ዓለም ተሰራጭቶ ነበር። አል-ቢሩኒ ይህንንም ሞከረ። የመረግድ ሐብል ለእባብ አንገት አሰረ፤ መረግድ በማደሪያው ውስጥ በተነ፤ በፊቱም አንጠለጠለ። ይህን በሙቀትም በቅዝቃዜም ወራት እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ቀጠለ። እባቡ ምንም አልሆነም።

ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ አሕመድ አት-ቲፋሺ (በ651 ሂጅራ፣ 1253 እ.ኤ.አ. የሞተ) «አዝሃሩል-አፍካር ፊ ጀዋሂሪል-አሕጃር» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ቲፋሺ 25 ድንጋዮችን እያንዳንዳቸውን በአምስት ርእስ ይተነትናል፦ አፈጣጠሩ፣ የሚገኝበት ቦታ፣ ጥሩውና መጥፎው፣ ልዩ ኀይሉና ዋጋው። ስለ ቦታና ስለ ዋጋ የሚጽፈው ነገር ዛሬም የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገው ጠቃሚ መረጃ ነው። ስለ መረግድ ሲጽፍ ግን እርሱ ራሱ ምርጥ በሆነው «ዙባቢ» በተባለው የመረግድ ዓይነት እፉኝት ላይ ሞክሮ፣ የእፉኝቱ ዓይን ሲወጣ እንዳየ ይናገራል።

ሁለት ሙስሊም ጸሐፊዎች፣ ሁለቱም «ሞከርኩ» ይላሉ፤ ምስክርነታቸው ግን ተቃራኒ ነው። በሐዲሥ ትምህርት የሠለጠነ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ መርሕ ያስታውሳል፦ የሚያጸድቅ ከሚክድ ይቀደማል፤ ያየው ካላየው የበለጠ ዕውቀት አለውና። በዚህ መርሕ ቲፋሺ ሊቀደም አይገባምን? አይገባም እንላለን፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። መርሑ የሚሠራው አንድ ጊዜ በተፈጸመና ሊደገም በማይችል ክስተት ላይ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ስፍራ ሰግደዋል ወይስ አልሰገዱም እንደሚለው። የመረግዱ ነገር ግን ስለ አንድ ቀን ክስተት የቀረበ ወሬ ሳይሆን ስለ ድንጋዩ ባሕርይ የቀረበ ጠቅላላ አባባል ነው። ባሕርይው ከሆነ ሁልጊዜ ሊታይ ይገባል። ጠቅላላ አባባልን አንድ የተረጋገጠ ተቃራኒ ያፈርሰዋል፤ አንድ የተሳካ ሙከራ ግን አያቆመውም፤ ለተሳካው ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና። ዘጠኝ ወር የቆየ፣ ወቅቱንና አደራረጉን የለዋወጠ ሙከራ ከአንድ ጊዜ ትዕይንት ይበልጣል። ነገሩ ዛሬም ሊደገም የሚችል ስለሆነ፣ ሚዛኑ በዘመናት ርቀት አይጠፋም።

እዚህ ላይ የቲፋሺ ወገን አንድ መልስ ይቀረዋል፦ «የአል-ቢሩኒ መረግድ ዙባቢ አልነበረም፤ እውነተኛው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር።» የጽሑፋችን ቁልፍ ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። እውነተኝነት እዚህ ላይ ገዢን ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ መለኪያ መሆኑ ቀርቷል፤ አባባሉን ከማንኛውም ማስተባበያ የሚጠብቅ ጋሻ ሆኗል። ድንጋዩ ከሠራ አባባሉ እውነት ነው፤ ካልሠራ ድንጋዩ ሐሰተኛ ነው። በምንም ውጤት የማይሸነፍ አባባል ግን ምንም ያልተናገረ አባባል ነው።

የሕንድ የኮከብ ድንጋይ ገበያም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ችግሩ ያልተፈታለት ደንበኛ ሲመለስ ኮከብ ቆጣሪው ሥርዓቱን አይመረምርም፤ ድንጋዩን ይመረምራል። ክብደቱ ጎድሏል፤ ውስጡ ስንጥቅ አለው፤ በእሳት ተግሏል፤ ሌላ ግዛ ይለዋል። መረግድ በተፈጥሮው ከውስጥ ስንጥቅና ጭረት የማይጠፋበት ድንጋይ ስለሆነ፣ «ነውር የሌለበት መረግድ» የሚል ትእዛዝ ገዢውን ወይ ወደማይቀመስ ዋጋ፣ ወይ ወደ ብርጭቆ ይገፋዋል። የቤተ ሙከራው ወረቀትም በዚህ መካከል ያልተናገረውን እንዲናገር ይደረጋል። ወረቀቱ የሚለው «ይህ ድንጋይ የተፈጥሮ ኮረንደም ነው» ብቻ ነው፤ ስለ ዙሐልም ሆነ ስለ ሲሳይ አንዲት ቃል የለበትም። ገዢው ግን የሳይንሱን ማኅተም በኮከብ ቆጣሪው ቃል ላይ የታተመ አድርጎ ያነበዋል። የቲፋሺ አምስት ርእሶችም ሳያስቡት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የማዕድኑ ቦታና ዋጋው በትክክል በተጻፈበት ገጽ ላይ የድንጋዩ «ኀይል» በእኩል ድምፅ ሲነገር፣ አንባቢው የአንዱን ታማኝነት ለሌላው ያውሰዋል።

ትችት ወደ ራሳችን

አል-ቢሩኒን ከነቀፋ ነጻ አድርገን ማቅረብ የእርሱን መንገድ መክዳት ይሆናል። መጽሐፉን የጻፈው ለሱልጣን ግምጃ ቤት ነው፤ በሕንድ ላይ ከዘመተ ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው የኖረው። «አት-ተፍሂም» በተባለው ሥራው የኮከብ ቆጠራን ስሌት ራሱ አስተምሯል፤ ምንም እንኳ በውጤቱ ላይ ያለው እምነት ደካማ ቢሆንም። ሌላም አለ። የግርዶሽን እውነተኛ ስሌት እያወቀ ለራሁ ተረት ስለተሟገተው ስለ ብራህማጉፕታ ሲጽፍ ቃሉ መራራ ነው። የሕንዶችን የስሌት መጻሕፍትም ውድ ድንጋይ ከተራ ጠጠር ጋር ከተቀላቀለበት ክምር ጋር አመሳስሏል። ትችቱ በመሠረቱ ትክክል ነው። ሆኖም ያ ክምር በሕንድ ብቻ የሚገኝ አልነበረም፤ ቲፋሺ የጻፈው በዐረብኛ ነው።

የእኛን ክምር ስናይ በመጀመሪያ የሚገጥመን አቂቅ ነው። አቂቅ ያለበትን ቀለበት ማድረግ በረካ ያመጣል፣ ድህነትን ያርቃል የሚሉ ዘገባዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠግተው ይነገራሉ። አል-ዑቀይሊ በዚህ ርእስ ከነቢዩ የጸና ምንም ነገር እንደሌለ ገልጿል፤ ኢብኑል-ጀውዚም ዘገባዎቹን የተፈበረኩ ሐዲሦችን በሰበሰበበት መጽሐፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እዚህም ላይ ሁለት እውነተኝነቶች አሉ፦ አቂቁ እውነተኛ አቂቅ ሊሆን ይችላል፤ ዘገባው ግን እውነተኛ ዘገባ አይደለም። የድንጋዩን ለድንጋይ ዐዋቂ፣ የዘገባውን ለሐዲሥ ዐዋቂ መተው ይገባል፤ አንዱ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ከዚህ በተቃራኒ የጸናውን ሐዲሥ እንይ። በሶሒሕ ሙስሊም አነስ (ረ.ዐ) እንደ ዘገቡት የነቢዩ ቀለበት የብር ሲሆን ፈርጡ «ሐበሺ» ነበር። አን-ነወዊ ይህን ሲያብራሩ፣ ቃሉ ከሐበሻ ምድር የሚመጣ ጀዝዕ ወይም አቂቅን፣ አለያም ጥቁር ቀለም ያለውን ድንጋይ ሊያመለክት እንደሚችል የዑለማኦችን አስተያየት ጠቅሰዋል። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ ፈርጡ ከራሱ ከብሩ ነበር፤ አንዳንዶች ይህኛውን የበለጠ የጸና ሲሉ፣ ሌሎች ሁለቱም በተለያየ ጊዜ የነበሩ ቀለበቶች ናቸው ብለው አስታርቀዋል። ለአገራችን ሙስሊም ይህ ዘገባ የሚያስደስት ነው። የደስታው ወሰን ግን መታወቅ አለበት። ቀለበቱ የተሠራበት ምክንያት ግልጽ ሆኖ ተዘግቧል፦ ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አይቀበሉም ስለተባለ ነው። ድንጋዩ የሐበሻ በመሆኑ ዕድል አመጣ ያለ ሶሓባ የለም።

መምህሩ ምን ይመልስ?

ከላይ ካየነው የምንደርስበት፣ የድንጋይን ጉዳይ በሦስት ከፍሎ መመለስ እንደሚገባ ነው።

የመጀመሪያው ጌጥነቱ ነው። ቁርኣን በሱረቱ-ር-ረሕማን ሉልን፣ መርጃንንና ያቁትን ከጸጋና ከውበት ጋር አያይዞ ያነሣቸዋል፤ በሱረቱል-አዕራፍ 32ኛ አንቀጽም አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም የሚያደርገውን ይገሥጻል። ወንድ ልጅ የወርቅ ቀለበት እንዳያደርግ የተከለከለው ተጠብቆ፣ ድንጋዩ በራሱ ነውር የለበትም። ስለዚህ ቀለበት ያደረገን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሽያጩ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከእህል ክምር ሥር እርጥበት ባገኙ ጊዜ ያታለለ ከእኛ አይደለም የሚል ትርጉም ያለውን ተግሣጽ ሰጥተዋል። በብርጭቆ የተሞላን ያቁት ወይም በዘይት የተነከረን መረግድ ሳይናገሩ መሸጥ ያንን እርጥብ እህል መደበቅ ነው፤ ገዢውም ነውሩን ሲያውቅ የመመለስ መብት አለው። የእውነተኝነት ጥያቄ ተገቢ ቦታው ይህ ነው።

ሦስተኛው እምነቱ ነው። ዑለማኦች እንደሚያስተምሩት፣ ድንጋይ በራሱ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ብሎ ማመን ትልቁ ሺርክ ነው። ጠቃሚው አላህ ነው፣ ድንጋዩ ሰበብ ብቻ ነው ያለ ሰውስ? ሰበብ በሁለት መንገድ ይታወቃል፤ በሸሪዓ ማስረጃ ወይም በተረጋገጠ ልምድ። ከሁለቱ ባንዱም ያልጸናን ነገር ሰበብ ማድረግ ብዙ ዑለማኦች ከትንሹ ሺርክ የሚመድቡት ነው፤ የተሚማ ክልከላም በዚህ ላይ ይጠነክራል። እንግዲህ የአል-ቢሩኒ የዘጠኝ ወር ሙከራ ለዐቂዳም ያገለገለ ሥራ ነው፤ ከሁለቱ በሮች አንዱ፣ ማለትም የልምድ በር፣ መዘጋቱን አሳይቶናልና። የሕንዱ ሥርዓት ግን ከዚህም ያልፋል። በድንጋዩ ላይ የሚነበበው ማንትራ ለግራሃው የሚቀርብ ልመና ነው፤ ይህ ከአላህ ሌላን መለመን ስለሆነ የሰበብ ክርክር እንኳ አያስፈልገውም። ያለ ማንትራ አድርጌዋለሁ የሚል ሙስሊም ከዚህ ነጥብ ቢያመልጥ፣ ከፊተኛው አያመልጥም።

ስለ ከዋክብቱም ቢሆን የነቢዩ ምሳሌ በቂ ነው። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ፣ ሰዎች ግርዶሹን ከሞቱ ጋር አያያዙት። ነቢዩ ዝም ቢሉ ለቤታቸው ክብር ይሆን ነበር። እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። በሐዘን ቀን የተነገረ ይህ እውነት ለራሁም ለጎሜድም ቦታ አላስቀረም።

ይህ ሁሉ ወደ አገራችን በአንድ እውነተኛ መንገድ ይደርሳል። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፓል በብዛት መውጣት ጀምሯል። ከዚህ ድንጋይ ብዙው የሚጠረበው በጃይፑር ነው። በሕንድ ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ኦፓል በአልማዝ ምትክ ለዙህራ ይታዘዛል። የደላንታ ቆፋሪ ገደል ውስጥ ገብቶ ያወጣው ድንጋይ በሩቅ አገር በአንድ ሰው ጣት ላይ የዙህራ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ቆፋሪው ወይም ነጋዴው ይጠየቅበታልን? ፉቀሃኦች ወይንን ለወይን ጠጅ ጠማቂ ስለ መሸጥ የተነጋገሩት ለዚህ ይረዳል። የገዢው ዓላማ ሐራም መሆኑ በእርግጥ የታወቀ ከሆነ ብዙዎች ይከለክላሉ፤ ኦፓል ግን በዋነኛነት ለጌጥ የሚውል፣ የመጨረሻው ገዢ ማንነትም ለቆፋሪው የማይታወቅ ዕቃ ስለሆነ፣ ሽያጩ በመሠረቱ ሐላል ነው። ሐራም የሚሆነው ሻጩ ራሱ «ለዙህራ ይበጃል» እያለ ሲያሻሽጥ ነው። እርሱ ራሱ ባያምንበትም ያው ነው፤ የማያምነውን መናገሩ ሌላ ኀጢአት ይጨምርበታል።

የደላንታ ኦፓል ለክፍል ትምህርት የሚሆን አንድ ነገርም አለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ውኃውን እየመጠጠ ይጠራል፤ የቀለም ጨዋታውም ይደበዝዛል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ውኃ መያዛቸው ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ድንጋዩ ለባለቤቱ ሐዘን አለቀሰ ቢለው ማን ይከለክለዋል? ኡስታዙ ለደረሶቹ ድንጋዩን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ቢያሳያቸው፣ አስደናቂ ነገር ሁሉ ምስጢራዊ ኀይል አለመሆኑን፣ የአላህ ሥራ በሥርዓት የሚሄድ መሆኑንም በዓይናቸው ያዩታል።

እንግዲህ ቀለበቱን አውልቆ በእጁ ይዞ «ኡስታዝ፣ ይህ እውነተኛ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ስለ ድንጋዩ ለመፍረድ አንቸኩል። ያ የድንጋይ ዐዋቂ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ዑመር (ረ.ዐ) በጥቁሩ ድንጋይ ፊት ቆመው ያስተማሩንን ማስታወስ ነው። እርሳቸው ያንን ድንጋይ ሲስሙ፣ የማይጠቅምና የማይጎዳ ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩ ሲስሙት ስላዩ ብቻ መሆኑን በሰው ፊት ተናገሩ። ያ ድንጋይ ከድንጋዮች ሁሉ የታወቀና ማንነቱ ያልተጠረጠረ ነበር፤ ንግግራቸውም ስለ እውነተኛው ድንጋይ እንጂ ስለ ሐሰተኛው አልነበረም።

ወላሁ አዕለም።